አደባባይ የሞላው ደጋፊ ምርጫ ጣቢያ እንዲደርስ ምን እናድርግ?

የየካ አስተባባሪ (ክሩን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአንድ ተፎካካሪ ፓርቲ የወረዳ ቅርንጫፍ ውስጥ ደጋፊዎችን የማስተባበር ኃላፊነት አለብኝ። የፓርቲዬን ስም የማልጠቅሰው ይህ ውይይት የአንድ ፓርቲ ማስታወቂያ እንዳይሆን ነው። የማነሳው ጉዳይ ገዢውንም ተፎካካሪውንም ይመለከታል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ሲሆን፣ አሁን ያለው ምክር ቤት ሥራ የጀመረው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የሚደረገው በዚሁ በ2018 ዓ.ም. ነው። ባለፈው ሰሞን ቅርንጫፋችን ተሰብስቦ በአንድ ጥያቄ ላይ ረጅም ክርክር አድርገን ነበር። ያለችንን ጥቂት ገንዘብ ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለሞንታርቦና ለመኪና ላይ ቅስቀሳ እናውላት ወይስ ቤት ለቤት ለሚዞሩ በጎ ፈቃደኞች ትራንስፖርትና ለምርጫ ጣቢያ ወኪሎች ሥልጠና? አብዛኛው ሰው የደገፈው የመጀመሪያውን ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ደጋፊ ብዛቱን በዓይኑ ሲያይ ልቡ ይሞላል፣ ፍርሃቱም ይለቀዋል።

የእኔ አቋም ግን ሌላ ነው፤ መነሻዬም የ1997 ምርጫ ነው። ሚያዝያ 29 ቀን የያኔው ገዢ ፓርቲ ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ ተፎካካሪው ቅንጅት መስቀል አደባባይ ላይ የጠሩትን ሰልፍ ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የተላለፉት የፓርቲዎች ክርክሮች ሕዝቡን ቀስቅሰውት ስለነበር፣ በቅንጅት ሰልፍ ላይ የወጣው ሕዝብ ከአደባባዩ አልፎ በየአቅጣጫው ያሉትን መንገዶች ሞልቷቸው ነበር። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ሲሰጥ ቅንጅት በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አሸነፈ። ብዙዎቻችን ከዚህ ተነስተን «አደባባዩ ከሞላ ምርጫውን አሸነፍን» ወደሚል ድምዳሜ ደርሰናል። ይሁን እንጂ በአገር አቀፍ ደረጃ ይፋ የሆነው የመጨረሻ ውጤት ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለሌላው ተፎካካሪ ለኅብረት 52 መቀመጫ የሰጠ ሲሆን፣ ጭቅጭቁ የተነሳውም አደባባይ በሌለባቸው፣ የፓርቲ ወኪል በሌለባቸው ወይም ወኪሉ ተባርሮ በወጣባቸው የገጠር ጣቢያዎች ላይ ነበር።

ስለዚህ ደጋፊን ማነቃነቅ ስንል ሰው ሰብስቦ ማስጨብጨብ ብቻ ማለታችን መሆን የለበትም። ደጋፊው በመራጭነት ተመዝግቦ ካርዱን በእጁ ካልያዘ፣ በዕለቱም በተመዘገበበት ጣቢያ ካልተገኘ ለፓርቲው ያለው ፍቅር ኮሮጆ ውስጥ አይገባም። በየወረዳችሁ ይህን እንዴት እንደምትሠሩ ብታካፍሉኝ እጅግ ደስ ይለኛል። አቋሜን የምትቃወሙም ብትኖሩ ምክንያታችሁን በዝርዝር ጻፉልኝ።

የቀድሞ ወኪል

ወንድሜ፣ ያነሳኸው ጉዳይ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነው። በ1997 በሰሜን ሸዋ ገጠር የአንድ ተፎካካሪ ፓርቲ ወኪል ሆኜ አንድ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ውዬ አድሬአለሁ። ጣቢያው የትምህርት ቤት ክፍል ነበር። ድምፅ የሰጠው ሰው ብዙ ስለነበር ቆጠራው የተጀመረው ከመሸ በኋላ ነው፤ መብራት ስላልነበረ በፋኖስ ነበር የምንሠራው። አስፈጻሚዋ እያንዳንዱን ወረቀት ከኮሮጆው አውጥታ ትዘረጋለች፣ ወደ ፋኖሱ አስጠግታ ለሁላችንም ታሳያለች፣ ምልክቱን ጮክ ብላ ትጠራለች። እኛም በየደብተራችን ሰረዝ እንመታለን። ወረቀቱ ላይ ምልክቱ በሁለት ሳጥን መካከል ያረፈ እንደሆነ ክርክር ይነሳል፤ አንዳንዱ ላይ ለረጅም ጊዜ ተከራክረናል። ሊነጋጋ ሲል የእኔ ሰረዝና የእርሷ ድምር እኩል ሆነ። ሁላችንም የውጤት ቅጹ ላይ ፈረምን፤ ውጤቱም በሩ ላይ ተለጠፈ። ጠዋት የመጣው ገበሬ ሁሉ እየቆመ አየው። በዚያ ጣቢያ ውጤት ላይ ማንም አልተጨቃጨቀም።

ከእኛ ጣቢያ ብዙም በማይርቀው ሌላ ጣቢያ የተመደበው የእኛው ወኪል ግን ሲመሽ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰውየው ፈሪ አልነበረም። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ ውኃ የሚያቀብለውም አልነበረም፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም የነገረው ሰው አልነበረም። በማግስቱ በዚያ ጣቢያ የተለጠፈው ውጤት ቀበሌውን ሁሉ አስገረመ። ቅሬታ ስናቀርብ የተጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ «ወኪላችሁ የፈረመበት ወይም ልዩነቱን ያስመዘገበበት ቅጽ አምጡ» ተባልን። አልነበረንም። በሕዝብ ዘንድ የነበረን ድጋፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ሊሆን አልቻለም።

የዚያን ዓመት ቅሬታዎች ተጣርተው በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ እንደተደረገ ታስታውሳለህ። ቅሬታው የቀረበው ግን ከዚያ እጅግ በሚበልጡ ቦታዎች ነበር። ብዙው መዝገብ የተዘጋው ማስረጃ የለውም ተብሎ ነው። ስለዚህ ከሰልፉ ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁ ለወኪሉ ስንቅ፣ ባትሪ፣ ደብተርና የሚተካው ሰው አዘጋጁለት። አንድ ወኪል ከንጋት እስከ ንጋት ብቻውን ሊቆም አይችልም።

ጅማ ላይ ተማሪ

ሁለታችሁም የምትናገሩት ከልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔ ግን ለድምፅ መስጫ ዕድሜ የደረስኩት ከ2013 ምርጫ በኋላ ነው፤ የማውቀውም ቁጥሩን ብቻ ነው። በ2002 ከ547 መቀመጫ ተፎካካሪው ያገኘው አንድ ነበር። በ2007 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። በ2013 ብልጽግና 410 መቀመጫ አገኘ። ዶርም ውስጥ ጓደኞቼን «እንመዝገብ» ስላቸው ይህንኑ ይቆጥሩልኛል፤ የምመልሰውም አጣለሁ። ካርድ ያለው ደጋፊና ካርድ የሌለው ደጋፊ ውጤቱ አንድ ከሆነ ስለ ምዝገባ የምንነጋገረው ለምንድን ነው?

የየካ አስተባባሪ

የተከበርክ ወንድሜ፣ ጥያቄህ የብዙ ሺህ ወጣቶች ጥያቄ ስለሆነ በአጭሩ አላልፈውም።

አዲስ አበባን ብቻ ተመልከት። በ1997 ኢሕአዴግ ከ23ቱ አንድም አላገኘም፤ በ2002 ከዚያው ከተማ 22ቱን ወሰደ። በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 በተነሳው ግጭት አጣሪ ኮሚሽኑ እንዳረጋገጠው 193 ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ የቅንጅት መሪዎች ታስረው በ1999 በይቅርታ ተፈቱ፤ ድርጅቱም ተበታተነ። በዚያው ጊዜ ግን ገዢው ፓርቲ በየቀበሌው የሴቶችና የወጣቶች አደረጃጀት ዘረጋ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀውን ወጣት መዘገበ፣ የአባላቱንም ብዛት ወደ ሚሊዮኖች አሳደገ። በዚህ ውስጥ ጫናም ነበር፣ ጥቅም መደለያም ነበር፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ ጫናው ብቻውን ሁሉን አያብራራም። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ያለው ድርጅትና አደባባዩን እያስታወሰ የተቀመጠ ድርጅት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያ ምርጫ አሳይቶናል።

ሌላው የምርጫ ሥርዓታችን ጠባይ ነው። በየምርጫ ክልሉ ከፍተኛ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ብቻ ስለሚያሸንፍ፣ ሁለተኛ የወጣው በብዙ ሺህ ድምፅም ቢሆን ፓርላማ ውስጥ ቦታ የለውም። የተመዘገበው ሰው ጥቂት በሆነ ቁጥር ደግሞ የተደራጀው ወገን ይበልጥ ይጠቀማል። በ2013 የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ቦታ በጣም ቀዝቅዞ ስለነበር ምርጫ ቦርድ ጊዜውን ለማራዘም ተገዷል። በዚያ ጊዜ ቤታቸው የቀሩት በአብዛኛው እንዳንተና እንደ ጓደኞችህ ያሉ ቅር የተሰኙ ሰዎች ይመስሉኛል። ምዝገባውን የተዉት በቅሬታ ነበር፤ የቀሩበት ወንበር ግን ባዶ አልተቀመጠም፤ ሌላ ሰው መረጠበት።

እንደምታሸንፉ ቃል አልገባልህም፤ ያን ማንም ሊገባልህ አይችልም። ካርድ ሳትይዝ የምታቀርበው ቅሬታ ግን የትም እንደማይደርስ እርግጠኛ ሆኜ እነግርሃለሁ።

ከአዳማ

እኔ የገዢው ፓርቲ ደጋፊ ነኝ። በዚህ መድረክ በጨዋነት ስለምትነጋገሩ ሐሳቤን ለመስጠት ደፍሬአለሁ።

በውጭ ያለ ሰው እኛ ዘንድ ደጋፊ የማነቃነቅ ችግር ያለ አይመስለውም። ሰልፍ ሲጠራ አደባባዩ ይሞላል፣ ባንዲራውና ቲሸርቱ ይታደላል፣ አምፖሉ ያለበት ፖስተር በየግድግዳው ይለጠፋል። ነገር ግን ከመሥሪያ ቤቱ በስም ዝርዝር ተጠርቶ የመጣ ሠራተኛ፣ የልማት ቡድን ሰብሳቢው የላከው ነዋሪ ሰልፉ ላይ መገኘቱን እንጂ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ማንም አያውቅም። በ1997ም ከቅንጅት አንድ ቀን ቀድሞ የወጣው የኢሕአዴግ ሰልፍ ብዙ ሕዝብ ነበረበት፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የተገኘው ውጤት እናንተው ከላይ የጠቀሳችሁት ነው። ሰውን በግዴታ ያወጣ ካድሬ አለቃውን ያስደስታል እንጂ ፓርቲውን አይጠቅምም። ይባስ ብሎ አመራሩ በሐሰት ብዛት እንዲዘናጋ ያደርገዋል። እኔ በምንቀሳቀስበት ቀበሌ ለጓዶቼ ደጋግሜ የምነግራቸው የመንግሥት መኪናና የመንግሥት የሥራ ሰዓት ለፓርቲ ቅስቀሳ እንዳይውል ነው። ሕጉ ከመከልከሉም በላይ፣ ሰዎች ይህን ሲያዩ የእውነት ደጋፊያችን የነበሩት እንኳ ያፍራሉ።

በአንድ ነገር ከየካው ወንድማችን እለያለሁ። አዳራሽና አደባባይን አታቃሏቸው። ዕጩውን በአካል ያላየ፣ ድምፁን ያልሰማ፣ ጥያቄ አቅርቦ መልስ ያላገኘ ሰው ምልክቱን ብቻ አይቶ የሚመርጥበት ጊዜ እያለፈ ነው። ስብሰባው ይኑር፤ በሩ ላይ ግን የምዝገባ ቦታና ቀን የሚናገር ሰው ይቁም።

የቦሌ አራብሳ ነዋሪ

እኔ ደግሞ እናንተ ወንዶቹ ያላነሳችሁትን ላንሳ። የአዲስ አበባ ፓርቲዎች የደጋፊዎቻቸውን አድራሻ የያዙበት መዝገብ የሞተ ነው። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎችም አሮጌ ሰፈሮች በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት የተነሳው ሕዝብ ዛሬ ገላን ጉራ፣ ቦሌ አራብሳና ሌሎችም ሩቅ ሰፈሮች ይኖራል። በኮንዶሚኒየም የምንኖረውም ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን፤ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ቤት እንለቃለን። መራጭ ለመሆን 18 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም፤ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። የድሮ ሰፈሩን የመታወቂያ ወረቀት ይዞ አዲስ ሰፈር የሚኖር ሰው የት እንደሚመዘገብ ማንም ካልነገረው በሁለቱም ቦታ ይቀራል።

ባለፈው ምርጫ ከጎረቤቶቼ ጋር ይህንኑ አይተነዋል። አንዲት እናት ካርድ ያወጡት በድሮ ሰፈራቸው ነበር። በድምፅ መስጫው ዕለት በዝናብ ሁለት ታክሲ ይዘው ሄደው፣ ረጅም ሰልፍ ጠብቀው፣ ከመሸ በኋላ መርጠው ተመለሱ። ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። የዚያን ዕለት የድምፅ መስጫ ሰዓቱ ወደ ምሽት ባይራዘም ኖሮ ድካማቸው ከንቱ ይቀር ነበር። ከዚያ ብሎክ እንዲህ ያደረጉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ «ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል» ብለው ቀሩ። የቀሩት ደጋፊ ስላልሆኑ አይደለም።

የሚዞረው ማን እንደሆነም አስቡበት። ቀን ቀን ቤት የምትገኘው እናት ናት፤ በሯን ለማታውቀው ጎረምሳ አትከፍትም፣ ልትከፍትም አይገባትም። ሴት በጎ ፈቃደኞች ሲሄዱ ግን ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያልተመዘገበው ልጅም እዚያው ይታወቃል። ገበያ ላይ አትክልት የምትሸጠዋን ደግሞ በሥራ ሰዓት አግኝታችሁ ስለ ፖሊሲ አታስረዷት፤ የምዝገባ ጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ንገሯትና ጉሊቷን የሚጠብቅላት ሰው ፈልጉላት። ለመመዝገብ የሚያስፈልጋት እርሱ ነው።

የዕድር ሰብሳቢ

ልጆቼ፣ ስትመካከሩ ሳይ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ላሳስባችሁ። በየምርጫው ሰሞን የየፓርቲው ወጣቶች እየመጡ «ጋሼ፣ ዕድርተኛው ሲሰበሰብ አሥር ደቂቃ ይስጡን» ይሉኛል። ለማንም ፈቅጄ አላውቅም፤ ወደፊትም አልፈቅድም። በዕድራችን ውስጥ የሁሉም ፓርቲ ደጋፊ አለ፤ ሬሳ የምናነሳውም፣ ድንኳን የምንተክለውም አብረን ነው። ለአንዱ ወገን መድረክ ከሰጠሁ የሌላው ደጋፊ ነገ ለቀብር ሲጠራ ቅር ብሎት ይቀራል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ውስጥ ቅስቀሳ በሕግ እንደተከለከለ ታውቃላችሁ፤ ዕድርንም በልባችሁ ከዚያው ጋር ደምሩት።

የፈቀድኩት አንድ ነገር አለ። ባለፈው ጊዜ ምዝገባ ሊዘጋ ሲል የማንንም ፓርቲ ስም ሳልጠራ «ካርድ ያላወጣችሁ አውጡ» ብዬ ለአባላቱ አሳውቄአለሁ። ይህን እናንተም ብትለምኑኝ፣ ገዢው ፓርቲም ቢለምነኝ ደስ ብሎኝ አደርገዋለሁ።

የየካ አስተባባሪ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእኛ ቅርንጫፍ በዕድሮች በኩል እንሂድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የጻፉትን ለኮሚቴው እንዳለ አነብላቸዋለሁ። የጠየቁትን ወሰን እናከብራለን።

ከባሕር ዳር

ሁሉንም አንብቤአለሁ። እኛ ዘንድ ያለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በክልላችን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ጦርነት ምክንያት በብዙ ወረዳዎች ቤት ለቤት መዞር ቀርቶ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መጓዝ አስጊ ነው። ደጋፊያችን ማን እንደሆነ በስም እናውቃለን፤ ዝርዝር ይዞ መዞር ግን ያንን ሰው ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለ ስም በማን እጅ እንደሚወድቅ አናውቅም። ስለዚህ እኛ የደጋፊ መዝገብ በወረቀት መያዝ ትተናል። እርስ በርስ በሚተማመኑ ቤተሰቦች በኩል ብቻ መልእክት እናስተላልፋለን፤ አባሎቻችንም የማንንም ሕይወት ለአደጋ በሚያጋልጥ ቅስቀሳ እንዳይሳተፉ አሳስበናል። ምዝገባው እኛ ዘንድ በሰላም ሊካሄድ የሚችለው የት የት እንደሆነ ቦርዱ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ፓርቲዎቻችሁ በአንድ ድምፅ ቢጠይቁልን ትልቅ ውለታ ነው።

የቀድሞ ወኪል

ወንድሜ ከባሕር ዳር፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ይህን ጥያቄ ተፎካካሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም ፓርቲዎች በጋራ ምክር ቤታቸው በኩል ሊያነሱት ይገባል። ምርጫ በማይደረግበት ወረዳ ያለው ዜጋ ተወካይ ሳይኖረው ዓመታት እንዳያልፉ፣ በ2013 ያልተካሄደባቸው ቦታዎች ያሳዩንን አይተን ዝም ልንል አይገባም።

ከዋሽንግተን

ከአገር ውጭ ያለነው ድምፅ ስለማንሰጥ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ መናገር አይገባንም። የማካፍላችሁ አንድ ልምድ ብቻ ነው። በ2013 እኔና ጥቂት ወዳጆቼ በፌስቡክ መከራከር ትተን በምዝገባው ሰሞን ለየዘመዶቻችን ስልክ ደወልን። «ለማን ትመርጣለህ?» ብለን አልጠየቅንም፤ «ካርድ አወጣህ ወይ?» አልን። እናቴ ራሷ አላወጣችም ነበር፤ ማውጣት እንዳለባትም የነገራት ሰው አልነበረም። በማግስቱ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄዳ አወጣች። ለማን እንደመረጠች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ውጭ ያለ ደጋፊ ገንዘብ ካልላከ የሚጠቅም ነገር የሌለው የሚመስላቸው የፓርቲ ሰዎች ይህንን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ጅማ ላይ ተማሪ

የየካው ወንድሜ የጻፍክልኝን ለጓደኞቼ አንብቤላቸዋለሁ። ሁሉም አልተስማሙም። ሁለቱ ግን አንድ ጥያቄ አነሱ፤ እኔም አላወቅሁትም። እኛ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንኖራለን፣ ቤተሰቦቻችን ያሉት ሌላ ክልል ነው። ድምፅ መስጫው ዕለት ግቢው ተዘግቶ ወደየቤታችን ከሄድን እዚህ የወጣው ካርድ ምን ይሆናል?

የየካ አስተባባሪ

ይህ በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቦሌ አራብሳ ያለችው እህታችን ካነሳችው ጋርም አንድ ነው። ባለፈው አሠራር ሰው ድምፅ የሚሰጠው ካርድ ባወጣበት ጣቢያ ብቻ ነው። ምርጫው የሚውለው በሰኔ አካባቢ ሆኖ ትምህርታችሁ ቀድሞ ካለቀ፣ ግቢ ውስጥ ያወጣችሁት ካርድ ቤታችሁ አይሠራም። ስለዚህ ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት የትምህርት ካላንደራችሁን ተመልከቱና፣ በድምፅ መስጫው ዕለት የት እንደምትሆኑ ወስናችሁ፣ ለተማሪዎች የተዘጋጀ ጣቢያ መኖሩንም ከአካባቢያችሁ የምርጫ ጽሕፈት ቤት በግንባር ጠይቁ። ያገኛችሁትን መልስ እዚህ ብትጽፉልን ሌሎች ተማሪዎችም ይጠቀሙበታል።

ሌሎቻችሁ የሰጣችሁኝን ሐሳብ ይዤ ትናንት ከቅርንጫፉ ኮሚቴ ጋር ተነጋግሬአለሁ። የአዳማው ወንድማችን ስለ ስብሰባ ያነሳው ሐሳብ አሳምኖኛል፤ አንድ ትልቅ የአዳራሽ ስብሰባ ይኖረናል፤ በሩ ላይ የየምርጫ ጣቢያውን ቦታ የሚናገሩ ልጆች ይቆማሉ። የሞንታርቦ ኪራዩ ተሰርዟል። የተረፈው ገንዘብ ወደ ሁለት ሥራ ይሄዳል፤ አንደኛው አዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ሴቶች በሚመሩት ቡድን ቤት ለቤት መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ለየጣቢያው ሁለት ሁለት ወኪል መልምሎ በፈረቃ መመደብ፣ ከስንቃቸውና ከባትሪያቸው ጋር። በ2013 በመላ አገሪቱ ከ40 ሺህ በላይ ጣቢያ ነበር፤ የትኛውም ተፎካካሪ ፓርቲ ብቻውን ያን ሁሉ ሊሸፍን አይችልም። በእኛ ምርጫ ክልል ውስጥ ያሉትን ግን ልንሸፍን እንችላለን። ባልቻልንበት ጣቢያ ደግሞ ከሌላ ፓርቲ ወኪል ጋር የቅጽ ቅጂ ለመለዋወጥ በጽሑፍ ልንስማማ አስበናል።

በድምፅ አሰጣጡ ላይ ለሚሰጠው ትምህርትም ናሙና ወረቀት እናዘጋጃለን። ማንበብ የማይችሉ ደጋፊዎቻችን የፓርቲውን ምልክት ለይተው፣ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ በትክክለኛው ሳጥን ውስጥ ብቻ እንዲያኖሩ ደጋግመን እናለማምዳቸዋለን። የቀድሞው ወኪል በፋኖስ ብርሃን የተከራከረባቸው ዓይነት ወረቀቶች እንዲቀንሱ እንፈልጋለን። ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት የጥሞና ቀናት፣ ባለፈው ምርጫ አራት ቀን ነበሩ፣ ማንኛውም አባላችን ቅስቀሳ እንዳያደርግ በጽሑፍ እናስፈርማለን። በነዚያ ቀናት የሚሠራው ወኪሎችን ማዘጋጀትና አቅመ ደካሞችን ጣቢያ የሚያደርስ ጎረቤት ማግኘት ብቻ ነው።

ለወኪሎች ሥልጠና የሚሆን በ2013 ጥቅም ላይ የዋለ የውጤት መመዝገቢያ ቅጽ ያለው ሰው ቢኖር፣ ፎቶውን አንስቶ እዚህ ቢያያይዝልን ሥልጠናውን በሚቀጥለው ሳምንት እንጀምራለን።

የቀድሞ ወኪል

የ2013ቱ ቅጽ የእህቴ ልጅ ጋ አለ፤ ያኔ ወኪል ነበረ። ዛሬ ማታ አስልኬ አያይዘዋለሁ። በሥልጠናው ላይ ስለ ቅሬታ አጻጻፍ የሚናገር ሰው ካጣችሁ እኔ መጥቼ ለማስረዳት ፈቃደኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል።